ሙሉ ቤት ያሳየሁባቸው ሁለት ቀናት

ትናንት ቅዳሜ ለጋሼ በየነ ልጅ ሠርግ እዚሁ ካምፓላ፣ ሐይቁ ዳር፣ ሙንዮንዮ ሄጄ፣ የአዲሱን ሆቴል በር ገና እንዳለፍኩ የራሴ ቤት ጠረን አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሌላ ሰው ልብ አይለውም። እኔ ግን አሥራ ሦስት ዓመት በየክፍሉ መታጠቢያ ላይ በእጄ ያስቀመጥኩት ሳሙና ነው፤ ጠጅ ሣር የሚሸት፣ በአረንጓዴ ወረቀት የተጠቀለለ። ሳሙናውን የሚልኩልን ባለስሞቹ ናቸው። ባለስሞቹ የምላቸው የሆቴላችንን ስም ያከራዩንን ኩባንያ ነው፤ ቤቱ የእኛ፣ ልፋቱ የእኛ፣ በር ላይ የተሰቀለው ስም የእነሱ። ስማቸውን የያዘ ቤት ሁሉ ያንኑ ሳሙና፣ ያንኑ መጋረጃ፣ ያንኑ ትራስ ይይዛል። ሐይቁ ዳር የተከፈተው አዲሱ ሆቴልም ስሙ የእኛ፣ ጠረኑ የእኛ ነው፤ ባለቤቱ ግን ሌላ ሰው ነው። እሱ ከተከፈተ አንድ ዓመት አለፈው። ካንሳንጋ ያለው የእኛ ቤት ደግሞ ከዚያ ወዲህ ኮሪደሩ ላይ የራሴን ጫማ ድምፅ የምሰማበት ቤት ሆኗል።

አዳራሹ ውስጥ ገብቼ ሳልቀመጥ አንዲት የማኅበራችን ሴት ተነሥታ አቀፈችኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ አስካለ! ሁለተኛውንም ከፈታችሁ አይደል? ሐይቅ ዳር! ምነው መንገሻ ይህን ባየ!» አለችኝ። የእኛ አይደለም ልላት አፌን ስከፍት ሌላዋ ከወዲያ በኩል እጄን ያዘችኝ። «አስካልዬ፣ ሠራተኞችሽን ተቆጪልን፣ ውሃ ካዘዝን ቆየን።» ምን አደረግሁ? አስተናጋጁን ጠርቼ ውሃ አስመጣሁላቸው። በሰው ቤት፣ በጠላቴ ቤት፣ እንደ ባለቤት ቆሜ ውሃ አሳደልኩ። አጠገቤ የነበረችው ልጄ ምሕረት ከንፈሯን ነከሰች። ሆቴላችንን የምታስተዳድረው እሷ ናት። መንገሻ አባቷ ነው፤ ካረፈ አራት ዓመት ሆኖታል።

የሙሽራዋ አባት ጋሼ በየነ፣ የመኪና ዕቃ ነጋዴው፣ ነጭ ካባውን ደርቦ ወደ እኛ መጣ። «አስካለ፣ ቅር እንዳይልሽ። የወንዱ ወገን ነው የመረጠው። እኔማ ስሙ ያው ነው፣ ያው የአስካለ ቤት ነው ብዬ ነው።»

«ያው አይደለም ጋሼ።»

«እንዴ! ሳሙናው እንኳ ያው ነው እኮ፣ አሁን ታጥቤበት ነው የመጣሁት!» ብሎ ሳቀና ምሕረትን እየጎተተ ወደ ጭፈራው ወሰዳት። ልጄ እያረረች ጨፈረችለት። እኔ ተቀመጥኩ። ያ ጠረን ግን አልተወኝም፤ ይዞኝ ወደ ኋላ ሄደ።

እኔና መንገሻ ካምፓላ ስንገባ ምሕረት በሆዴ ነበረች። በምን ምክንያት ከአገር እንደወጣን የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል፤ ላልነበረበት ብነግረውም አይገባውም። የመጀመሪያ ቤታችን ካባላጋላ ነበር፣ ስቴጅ ከሚሉት የታክሲ ማቆሚያ ጀርባ፤ አራት ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት። ረዳቶቹ መድረሻውን «ካንሳንጋ ጋባ፣ ካንሳንጋ ጋባ» ብለው ሲጮኹ ድምፃቸው በወጥ ቤቱ መስኮት ይገባል፤ ምሕረት ከ«እማ» ቀጥላ የተናገረችው ቃል «ጋባ» ነው። በዚያ ዘመን በአምስት መቶ ሽልንግ እንቁላል በቻፓቲ የተጠቀለለበት ሮሌክስ ይበላ ነበር፤ ለጠግቦ አደር ሳይሆን ለእኔ ቢጤ እርጉዝ ምሳም እራትም ነው። ከተማ ለመውረድ ቦዳ በሚሉት ሞተር ሳይክል ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቀሚስን ጉልበት ሥር ወትፎ፣ የሹፌሩን ጃኬት ጨብጦ መሄድ ነው። መንገሻ አንድ ቡናማ ሙሉ ልብስ ነበረው፤ ከኦዊኖ ገበያ ከተከመረ ልባሽ ጨርቅ ውስጥ ቆፍሮ ያወጣው። እጅጌው ስለረዘመበት ሁለት ጣት አስገብቼ ሰፋሁለት። ያን ልብስ ለብሶ በሩ ላይ ሲቆም ቱጃር ይመስል ነበር። ማዶ ካለው ቡና ቤት የኮንጎ ዘፈን ከቀትር ጀምሮ ይንቆረቆራል፤ መንገሻ በበኩሉ ከአገር ያመጣትን አንዲት ካሴት ይከፍታል፤ ሁለቱ ዘፈኖች መንገዱ መሀል ይጋጫሉ። ካሴቷ ስታረጅ አንድ ዘፈን መሀል ላይ ትንተባተብ ነበር። እኔ ያንን ዘፈን እስከ ዛሬ ያለ መንተባተቡ ስሰማው የተሳሳተ ይመስለኛል።

ከምግብ ቤቱ ወደ ካንሳንጋ ስንወጣ መጀመሪያ ስድስት ክፍል ነበረን። አልጋዎቹን ካትዌ ነው ያሠራናቸው። መንገሻ ብረት ከሚበይዱት መሀል ቆሞ በጠመኔ መሬት ላይ ሣለላቸው፤ ራስጌው ላይ እንደ አበባ ጠምዝዘው አወጡት። አልጋዎቹን በፒክ አፕ ጭነን ስንመጣ ከኋላ ራሳችን ላያቸው ላይ ተቀምጠን ነበር። ስድስቱ ክፍል አሥራ ሁለት ሆነ፣ አሥራ ሁለቱ ሠላሳ ስድስት። እኔ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ግን አንሶላ ሳይነግሩኝ ይገባኛል፤ ሰው ሳይናገር መራቡ ይገባኛል። ያ ይበቃ ነበር፣ በዚያ ዘመን።

ባለስሞቹ የመጡት ምሕረት ዩኒቨርሲቲ እያለች ነው። ስማችንን ብትሰቅሉ የውጭ እንግዳ በኮምፒውተር ፈልጎ ይመጣላችኋል አሉን። የካትዌ አልጋዎቻችንን አስወጡን፤ ሁሉም ቤት የሚይዘውን አልጋ አስገቡ። ያን ቀን አለቀስኩ። መንገሻ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቃቸው። «ስማችሁን ከሰጣችሁኝ በኋላ ለጎረቤቴ ደግሞ ብትሰጡትስ?» አላቸው። ያን ጊዜ ባለስሞቹ የላኩት ሰው የከተማውን ካርታ ጠረጴዛችን ላይ ዘረጋና፣ የተማሪ ኮምፓስ አውጥቶ መርፌውን ካንሳንጋ ላይ ተክሎ አንድ ክብ ሣለ። በዚህ ክብ ውስጥ ለአሥር ዓመት በእኛ ስም ሌላ ቤት አይከፈትም አለ። ከአሥር ዓመት በኋላም ቢሆን፣ ሰው ልከን የድሮው ቤት ይጎዳል አይጎዳም ብለን ሳናስጠና አንከፍትም አለ። ይህ ሁሉ ውሉ ላይ ተጻፈ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገሻ ሁለት ቦዳ ጠራ። እሱ በአንዱ፣ እኔ ነጠላዬን አገልድሜ በሌላው፣ የክቡን ዳር ዳር ዞርነው። በሐይቁ በኩል የዓሣ ገበያው ጋ ስንደርስ፣ በዚያ በኩል ኮረብታው ላይ ስንወጣ፣ ቦዳውን እያስቆመ «አስኩ፣ እዚህም የእኛ ነው። እዚህም ማንም አይመጣብንም» ይለኝ ነበር። መሬቱ የእኛ አልነበረም፤ አንድ ጋት እንኳ የለንም። እሱ ግን የተሰጠው ስጦታ የሌላው አለመምጣት ነበርና በዓይኑ ሊያየው ፈለገ። ፀሐዩ አንገቴን አቃጥሎት፣ ቀይ አፈር ነጠላዬን አቅልሞት ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተደላድዬ የተቀመጥኩበት ቀን የለም፤ በቦዳ ላይ። «አሥር ዓመት እኮ ሩቅ ነው» አለኝ።

ሩቅ አልነበረም። እሱ አረፈ፣ ዓመቱም ሞላ፣ ደብዳቤውም መጣ። ሙንዮንዮ ላይ አዲስ ቤት ሊከፍቱ አስበዋል፤ በውሉ መሠረት አንዲት አጥኚ ሁለት ቀን ሆቴላችን ትቀመጣለች። ምሕረት በዚያው ሳምንት ለባለስሞቹ ሥልጠና ናይሮቢ መሄድ ነበረባት። ሻንጣዋን እየዘጋች ደጋግማ ነገረችኝ። «እማዬ፣ ምንም አታድርጊ። ሴትዮዋ እንደመጣች ቤቱን እንዳለ ትየው። ገባሽ? እንዳለ።»

«ገብቶኛል ልጄ።»

«እንግዳ መጣ ብለሽ ደግሞ ነገር እንዳታበዢ።»

«ምን አበዛለሁ?»

ወሩ ሰው ሁሉ ያለችውን ለልጆቹ ትምህርት ቤት ከፍሎ እቤቱ የሚቀመጥበት ወር ነበር። ከሠላሳ ስድስቱ ክፍል ሰው የነበረባቸው ሰባቱ ብቻ ናቸው። ምሕረት በሄደች ማግስት ጠዋት ከላይ እስከ ታች ዞርኩት። የተዘረጋ አልጋ፣ ያልተነካ ሳሙና፣ ዝም ያለ ሊፍት። አንዲት የማላውቃት ሴት፣ ዕድላችንን የምትጽፍ ሴት፣ መጥታ ይህን ልታይ ነው። እኔ ባደግሁበት አገር ሽማግሌ ለጋብቻ ሴት ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ጎረቤት ወንበር ያውሳል፣ ጋቢ ያውሳል፤ እናቴ ከሰው በግ ተውሳ ደጃችን ላይ ያሰረችበትን ቀን አልረሳውም። ቤቱ ባዶ ነው የተባለ ቤት ልጁን ማንም አይወስድለትም። ባዶ ቤት ያየ ሰው ይንቃል፣ የናቀ ደግሞ ይወስድብሃል፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው። ሆቴሉ ደካማ መሆኑን ካዩ «ይቺ አሮጊትማ አልቻለችም፣ ለሌላ እንስጠው» ይላሉ ብዬ ፈራሁ። ማንንም አላማከርኩም። ስልኬን አነሣሁ።

ለማኅበራችን ሴቶች ደወልኩ። ለጋሼ በየነ ደወልኩ። አሜሪካና ካናዳ ለመሄድ ኬዛቸው እስኪያልቅ በየጓሮው ክፍል ተፋፍገው ለሚጠብቁ ቤተሰቦች አስነገርኩ። ሁለት ቀን በነፃ ተኙ፣ ብሉ፣ ደህና ልብስ ልበሱ፣ ከተጠየቃችሁ ደንበኛ ነን በሉ፣ ለምሕረት ግን እንዳትነግሩ። ሠራተኞቹንም አደራ አልኳቸው። መጡ። የዓመት በዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው መጡ። ከኬዝ ጠባቂዎቹ ዘሃራ የምትባለው ከእናቷና ከሦስት ልጆቿ ጋር አንድ ክፍል ገባች። ሙቅ ውሃው ሲወርድባት ስትስቅ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር። «እትዬ አስካለ፣ እኔ ዱዓ ይዣለሁ፤ ይቺ ሴት ቁጥሩ ይጥፋባትና እንደገና ትጀምር!» አለችኝ። እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ከሰባቱ ጋር ሠላሳ አንድ ክፍል ሰው ገባበት። መንገሻ ከሞተ ወዲህ ቤቱ እንደዚያ ሞቆ አያውቅም።

አጥኚዋ ናሙቢሩ ትባላለች፤ የዚህ አገር ልጅ ናት፣ ወደ ሠላሳ አምስት የሚጠጋት። ጠባብ የቢሮ ቀሚስ ለብሳ ሳለ በአገሯ ወግ በርከክ ብላ ነው ሰላም ያለችኝ። ያን ጊዜውኑ ወደድኳት፤ ያን ጊዜውኑ ደግሞ ይቺን ልጅ ላታልል ነው አልኩ። ሁለት ቀን በየጠረጴዛው እየዞረች ስም ጠየቀች፣ ስልክ ጠየቀች፣ አስፈረመች። ከየት መጣችሁ፣ ስንት ጊዜ ትመጣላችሁ፣ ክፍል ስታጡ የት ትሄዳላችሁ። ጋሼ በየነ ተራው ሲደርስ ተነሥቶ ቆመ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው «እኔ? እኔ እዚህ ሦስት ጊዜ ሙሉ ነው ተብዬ ተመልሻለሁ! ለእኔ፣ ለደንበኛቸው! ሰው በር ላይ ተሰልፎ!» አላት፤ ወደ እኔ ዞሮም በአማርኛ «እንዴት ነው፣ በዛ እንዴ?» አለኝ። ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት። ናሙቢሩ አልሳቀችም። ጻፈች።

በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ እኔና እሷ ብቻችንን ስንቀመጥ ብዕሯን አስቀመጠችና ጠየቀችኝ። «ማማ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሁልጊዜ» አልኳት።

«በዚህ ወርም?»

«በዚህ ወርም ልጄ። ብዪ፣ ቀዘቀዘብሽ።»

ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሁለት ጊዜ።

ውጤቱ ሲመጣ ምሕረት ቢሮው ውስጥ ቆማ እየተረጎመች አነበበችልኝ። የካንሳንጋው ቤት በሞተው ወር እንኳ ሙሉ ነው። ሰው እየመለሰ ነው። ክፍል አጥቶ የሚመለሰው እንግዳ ወደ ሌላ ስም እንዳይሄድ በዚያው ስም ሁለተኛ ቤት ያስፈልጋል፤ አዲሱ የሚወስደው ከድሮው የተረፈውን ነው፤ ድሮው አይጎዳም። ባዶውን ቢያዩት ኖሮ ይጠብቁን ነበር። የሚያድነን የነበረው ባዶነታችን ነው፤ እኔ እሱን ነው የደበቅኩት። ምሕረት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ውሸት! ፈጥረው ነው! ሠላሳ አንድ ክፍል? በዚህ ወር? ማን ነው ሰው የመለሰው? እማዬ፣ አንቺ ነበርሽ፣ ሰው መልሰሻል?»

«አልመለስኩም» አልኩ። እውነቴን ነበር። ከዚያ በላይ ግን አልተናገርኩም። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ፣ ቁርስ ላይ ዓይኗን እየሸሸሁ፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ። ያ ሁሉ ጊዜ እሷ ስትታገል ከረመች፤ ጠበቃ ያዘች፣ ጻፈች፣ ለመነች፣ የራሷን ሠርግ አዘገየች። አዲሱ ቤት ተሠራ፣ ስሙ ተሰቀለ። የቱሪስት አውቶቡሶቹ ሐይቅ ስላለው ወደዚያ ዞሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረውን ከሠሩት ሠራተኞች ስድስቱን እጃቸውን ይዤ ሸኘሁ። በመጨረሻ ምሕረት ባለስሞቹን ለገላጋይ አቀረበቻቸው፤ ቀጠሮው ሰኞ ነው፣ ነገ። ክሷ በሙሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ አጥኚዋ ቁጥሩን ከራሷ ፈጥራ ጽፋለች፣ በዚያ በፈጠራ ቁጥር አዲሱ ቤት ተከፈተብን፣ ስለዚህ ስሙ ይውረድ።

ትናንት ከሠርጉ አዳራሽ ወጥቼ ወደ መጸዳጃ ቤት ስሄድ ኮሪደሩ ላይ ማንን አየሁ? ናሙቢሩን። ለሰኞው ጉዳይ መጥታ እዚያው አርፋለች። አየችኝ፣ ዛሬም በርከክ አለች። ጉልበቷ ምንጣፉን ሲነካ የምገባበት ጠፋኝ።

«ማማ፣ ልጅዎ ሰኞ ውሸታም ልትለኝ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «የሠላሳ አንዱንም ክፍል ሰው ስም፣ ስልክና ፊርማ ይዣለሁ። ባወጣው ልጅዎ ሰው ፊት ትዋረዳለች። ባላወጣው እኔ ከሥራ እባረራለሁ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። እርስዎ ይንገሩኝ፣ ምን ላድርግ?»

«ያን ጊዜ አውቀሽ ነበር?» አልኳት።

«ሻንጣ የሌለው እንግዳ አየሁ። ልጆች በሊፍት ሲወጡ ሲወርዱ እየሳቁ አየሁ። የሆቴል እንግዳ ሊፍት ውስጥ አይስቅም ማማ። ግን እኔ የምጽፈው የምገምተውን አይደለም፣ ጠይቄ የተመለሰልኝን ነው። ለዚያ ነው ደግሜ የጠየቅሁዎት። አይደለም ቢሉኝ ኖሮ አይደለም ብዬ እጽፍ ነበር።»

እጇን ይዤ ብዙ ቆየሁ። የሰው ልጅ እናት ናት፤ እኔም የሰው ልጅ እናት ነኝ። ተመልሼ ገብቼ ምሕረትን «ልጄ፣ እንሂድ» አልኳት። ኬኩ ገና አልተቆረሰም ነበር።

ከሙንዮንዮ ወደ ካንሳንጋ የሚወስደው መንገድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጃሙ፣ የመኪናው መጨናነቅ፣ አይጣል ነው። ጥቂት ሄደን ቆምን። ሙቀቱ ስለከበደኝ መስኮቱን አወረድኩት። ከፊት ታክሲ፣ ከጎን ቦዳ፣ ከኋላ ጥሩምባ። እዚያ፣ መሪውን ይዛ ፊት ለፊት እያየች ሳለ ነገርኳት። ከመጀመሪያ ጀምሬ፣ የበጉንም፣ የዘሃራንም፣ የሁለቱን ጥያቄም፣ ኮሪደሩ ላይ የሰማሁትንም። አላቋረጠችኝም።

«ስንቱ ነበር የእውነት?» አለች ስጨርስ።

«ሰባት።»

«ሦስት ጊዜ ተመለስኩ ያለው ጋሼ በየነ ነው?»

«እሱ ነው።»

«አሁን ጨፈርኩለት እኮ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሀሉ ላይ ተሰበረ። «እማዬ፣ ሁለት ዓመት ተኩል! አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ብትነግሪኝ! እንዳለ ትየው አላልኩሽም?»

«ፈርቼ ነው።»

«ምንድን ነው የፈራሽው?»

«መጀመሪያ እሷን ፈራሁ። ከዚያ አንቺን።»

መሪውን በመዳፏ መታችው። «ያልሆነ ነገር ያሳየ ቤት ስሙን ይነጠቃል የሚል ውሉ ላይ አለ። ታውቂያለሽ? ይህን ከተናገርን የእኛንም ሊያወርዱት ይችላሉ። ካልተናገርን ያቺን ሴት ሥራዋን አስጥዬ በሐሰት እምላለሁ፣ ወይም እሷ ፊርማዎቹን አውጥታ ታዋርደኛለች። የቱን ልምረጥልሽ?»

ሠላሳ ዓመት የለፋንበት ቤት፣ መንገሻ በቦዳ የዞረው ክብ፣ የልጄ ዕድሜ፣ ሁሉም እኔ በሰጠሁት አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል።

ምሕረት ዓይኗን በእጇ ጠረገች። «ሰኞ አብረሽኝ ትመጫለሽ። እኔ አልናገርልሽም። አንቺ ነሽ የምትናገሪው።»

«እንግሊዝኛዬ...»

«በአማርኛ ተናገሪ፣ እተረጉማለሁ። ግን ከአንቺ አፍ ይውጣ። እስቲ አሁን በዪው። ያን ጊዜ ቤቱ እንዴት ነበር?»

«ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ...»

«አይደለም።»

«ወሩ እኮ ሰው የማይ...»

«እማዬ። እንዴት ነበር?»

የባሌን መሞት ለሰው ሳረዳ እንኳ ምላሴ እንደዚያ አልተሳሰረም። ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ፣ ለቀቅሁት። «ባዶ ነበር!» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። አንዴ ከወጣ በኋላ አልቆም አለኝ፤ ሰኞ ለሚሰሙኝ ሰዎች እንዲገባቸው መሰለኝ፣ በዚያች በወጥ ቤት እንግሊዝኛዬ «ማይ ሆቴል ኤምቲ! ኖ ፒፕል! ኤምቲ!» አልኩ።

መስኮቴ ጎን ጃሙ ውስጥ የቆመ ባለ ቦዳ ነበር፣ ከኋላው የማቶኬ ሙዝ ዘለላ ያሰረ፣ አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ ያሳረፈ። ዞር ብሎ አየኝ፤ የሀገር ልብስ ለብሳ የምታለቅስ አሮጊት። የራስ ቁሩን መስታወት ከፍ አደረገና «ባምቢ፣ ማማ፣ ሶሪ» አለኝ፤ ባምቢ ምስኪን እንደማለት ነው። በዚህ አገር ሶሪ የሚልህ ያጠፋው ሰው አይደለም፤ ያየህ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ስሰማው ኖሬ ትናንት ነው ያመመኝ።

ከፊታችን ያለው ታክሲ ትንሽ ፈቀቅ አለ። ምሕረት ማርሽ አስገባች፣ እኔን ግን አላየችኝም።

«እንደገና በዪው» አለችኝ።

«ባዶ ነበር» አልኩ።